ቻሞሮን በዘፈን፣ በተረትና በትንሽ ሰዋስው
(ለቋንቋ ወዳጆች ስብሰባ የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በተለይ ርዕሱን አይታችሁ "ይሄ ደግሞ የየት አገር ቋንቋ ነው?" ብላችሁ ለመጣችሁት።

ቻሞሮ የማሪያና ደሴቶች ቋንቋ ነው። ደሴቶቹ ያሉት በምዕራብ ፓስፊክ፣ ከፊሊፒንስ በስተምሥራቅ ነው። ትልቋ ጉዋም ናት። ከሷ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ሮታ፣ ቲኒያንና ሳይፓን ይመጣሉ። ሁሉም ዛሬ በአሜሪካ ሥር ናቸው፤ ግን ጉዋም ለብቻዋ፣ ሰሜኖቹም ለብቻቸው ይተዳደራሉ። ሕዝቡም ቋንቋውም ቻሞሮ ይባላል። እኛ "ቻ" ብለን የምንጽፈውን እነሱ ወደ "ትሳ" አስጠግተው ነው የሚያወጡት። ስለዚህ ዛሬ አንዳንድ ቃል ላይ "ትስ" ስል ብትሰሙ አፌ ተሳስሮ እንዳይመስላችሁ።

ቻሞሮን በዘፈንና በተረት መማር ይቻላል ወይ ለሚለው መልሴ አዎ ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ዘፈን በቃሉ የያዘ ሰው ቋንቋውን የቻለ ይመስለዋል። አልቻለም። ውዳሴ ማርያምን በግዕዝ ከዳር እስከ ዳር የሚያንበለብል ሰው ሁላችንም እናውቃለን። "በግዕዝ ውኃ አጠጣኝ በል" ብትሉት ግን ዝም ይላል። ቻሞሮዎችም ቴትሳ የሚሏት ሴት አለች፤ በለቅሶ ቤትና በየበዓሉ ጸሎት የምትመራ። እሷ ታወጣለች፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ጸሎቱን አብሮ መቀበልና ከጸሎቱ በኋላ ቡና ይዞ በቻሞሮ መጨዋወት ለየቅል ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ትንሽ ሰዋስው ነው። ትንሽ ስል የምሬን ነው፤ ዛሬ እዚሁ አብዛኛውን እነግራችኋለሁ።

ከዘፈን ልጀምር። ካንታን ቻሞሪታ የሚሉት የቆየ የዘፈን ዓይነት አላቸው። አራት መስመር ነው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ቤት ይመታሉ። ዜማው የታወቀ ነው፤ ቃሉ ግን እዚያው ይፈጠራል። አንዱ ያወጣል። ሌላው ያንኑ ዜማ ይዞ ይመልሳል። መተራረብ አለበት፣ ማሽኮርመም አለበት፣ በሥራ ላይም በግብዣ ላይም ይባላል። ማንም ከቦታው ተነስቶ መልስ ሊጥል ይችላል። በድሮ ጊዜ አንዳንዴ ቤሌምባኦቱያን የሚባል ባለ አንድ ክር መሣሪያ ያጅበው ነበር። ረጅም ዘንግ ላይ ሽቦ ይወጠራል፣ ግማሽ ቅል ይታሰርበታል፣ ቅሉን ሆድ ላይ ደገፍ አድርገው ሽቦውን በቀጭን እንጨት ይመቱታል። ድምፁ ከሆድ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

ካንታን ቻሞሪታን የምወደው ለዚህ ነው፦ በቃል መያዝ ብቻውን አያዋጣም። የሰማኸውን ደግመህ ብትል መሳቂያ ትሆናለህ። መመለስ አለብህ። ለመመለስ ደግሞ "እኔ" የሚለውን ወደ "አንተ"፣ "አንተ" የሚለውን ወደ "እኔ" መገልበጥ ያስፈልጋል። የቻሞሮ ትምህርት ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

የቅርብ ጊዜውን ዘፈን እንውሰድ። በ1968 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ጆኒ ሳብላን የሚባል የጉዋም ዘፋኝ በቻሞሮ ቋንቋ አልበም አወጣ። በቋንቋው ከተቀዱት የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ ጊታር የያዘ ሁሉ በቻሞሮ ማንጎራጎር ጀመረ ብል አላጋነንኩም። አብዛኛው የፍቅር ዘፈን ነው፤ ለተማሪ ደግሞ የፍቅር ዘፈን ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም የሚደጋግመው ያንኑ ነው።

"ሁ ጉዋይያ ሃው።" እወድሃለሁ፣ ወይም እወድሻለሁ። ሁለቱንም ነው። ቻሞሮ በተውላጠ ስሙ ወንድና ሴት አይለይም። "ሃው" አንተም አንቺም ነው። ሦስተኛው መደብም እንደዚሁ እሱና እሷን አይለይም። ስለዚህ ዘፈኑ ለማን እንደተዘፈነ የሚታወቀው ስም ሲጠራ ነው፤ ካልተጠራ ለሁሉም ይሆናል። ለዘፋኝ እንዴት የሚመች ቋንቋ ነው!

አሁን ፍቱት። "ሁ" ማለት አድራጊው እኔ ነኝ ማለት ነው። ከግሱ ፊት ይለጠፋል። "ጉዋይያ" መውደድ ነው። "ሃው" ተቀባዩ ነው። አንተ ወይም አንቺ አድራጊ ስትሆኑ "ሁ" ይወጣና "ኡን" ይገባል። እሱ ወይም እሷ ከሆኑ "ሃ"። ተቀባዩ እኔ ስሆን ደግሞ "ዮእ"። ጥያቄ ለማድረግ መጀመሪያው ላይ "ካኦ" ጣል ማድረግ ነው። እንግዲህ ዘፋኙ "ሁ ጉዋይያ ሃው" እያለ ሲያላዝን እናንተ ምን ትላላችሁ?

"ካኦ ኡን ጉዋይያ ዮእ?" እውነት ትወደኛለህ?

እሱም "ሁንጋን" ይላል፤ አዎ ነው። "አሄእ" ካለ ዘፈኑ እዚያው አለቀ። በአንድ የዘፈን መስመር ሦስት አድራጊ፣ ሁለት ተቀባይ፣ አንድ የጥያቄ ቃል ተማራችሁ። ዘፈኑን መቶ ጊዜ ብትደጋግሙት ኖሮ ያቺ መስመር ብቻ ነበረች የምትቀራችሁ።

የቃላት ቅደም ተከተል ላይ አማርኛ ተናጋሪ ትንሽ ይቸገራል። እኛ ግሱን እስከ መጨረሻው ድረስ እናስጠብቃለን። እነሱ ግሱን ያስቀድማሉ። "ሃ ታይታይ ኢ ፓትጎን ኢ ሌብሎ" ሲሉ "አነበበ ልጁ መጽሐፉን" ማለታቸው ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ለዋለ ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ግዕዙስ "ወይቤሎ ኢየሱስ" አይደል የሚለው? አለው፣ ከዚያ ማን እንዳለው። ያን ጆሮ ይዛችሁ ኑ።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ሰዎችን የሚያስደነግጠው ነው፤ ለኔ ግን ከሁሉ የሚያምረው ነው። "ካንታ" መዝፈን ነው፣ ከስፓኒሽ የመጣ። "ዘፈንኩ" ለማለት ከፊትም ከኋላም አይጨምሩም፤ ቃሉ መሐል ሰንጥቀው ይገባሉ። ከመጀመሪያው ተነባቢ ቀጥሎ "ኡም" ይሰነቅራሉ፦ "ኩማንታ ዮእ"። (ተቀባይ በሌለበት እንዲህ ባለ ግስ አድራጊው እኔም "ሁ" ሳይሆን "ዮእ" ነው።) አሁን እየዘፈንኩ ከሆነስ? ጠንከር ብሎ የሚነገረው ክፍል ይደገማል፦ "ኩማካንታ ዮእ"። "ሳጋ" መኖር፣ መቀመጥ ነው። "ሱማጋ ዮእ" ተቀመጥኩ፣ ኖርኩ። "ሱማሳጋ ዮእ ጊያ ጉዋሃን" ጉዋም ውስጥ እየኖርኩ ነው። ጉዋሃን የደሴቷ ስም ነው በራሳቸው አፍ። እኛም ሰባበረ፣ ቆራረጠ እንላለን፣ ግን የኛ ድግግሞሽ ብዛትን ነው የሚነግረው። የነሱ ድርጊቱ አለማለቁን ይነግራል። ድርጊቱ ካላለቀ ቃሉም አያልቅም ብላችሁ ያዙት።

የሁሉም አለቃ "ትሶትሶ" ነው፣ መብላት። "ትሱሞትሶ ዮእ" በላሁ። "ትሱሞትሶትሶ ዮእ" እየበላሁ ነው። አሁን በሉት እስቲ... አያችሁ? ይሄን በቃል ዝርዝር ማንም አይማረውም። ምላስ እንዲለምደው ዜማ ይፈልጋል። ዘፈን ለምን ያስተምራል ለሚለው የኔ መልስ ይሄ ነው። የቃል ትርጉም ከመዝገበ ቃላትም ይገኛል። ድግግሞሹ የቱ ጋ እንደሚወድቅ፣ የቱ ክፍል እንደሚጠብቅ፣ ያንን የሚያስይዘው ዜማው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍል ነው፤ ጥሩ ዘፈን ደግሞ ምቱን እዚያው ላይ ያሳርፈዋል።

የምግብ ጠረጴዛው ላይም አንድ የሰዋስው ትምህርት አለ። ቻሞሮ ቤት ከተጋበዛችሁ ከቀዩ ሩዝና ከተጠበሰው ሥጋ አጠገብ በትንሽ ሳህን አንድ ማጥቀሻ ይቀርባል። አኩሪ አተር ሶስ፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ፣ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ ነው። ስሙ ፊናእዴኔእ ነው። ውስጡን ክፈቱት። "ዶኔእ" የሚያቃጥለው ቃሪያ ነው። "ፋእ" ሲጨመርበት ወደዚያ ነገር መሥራት፣ ማድረግ ይሆናል። መሐሉ ላይ "ኢን" ሲሰነቀር "የተሠራ" ይሆናል። ፋእ ወደ ፊናእ፣ ዶኔእ ወደ ዴኔእ። ቃሪያ የተደረገ፣ በቃ። ይህንኑ "ፋእ" የቻሞሮ ባህል ምሰሶ በሚሉት ቃል ውስጥ ታገኙታላችሁ፦ ኢናፋእማኦሌክ። "ማኦሌክ" ጥሩ ነው። እርስ በርስ ነገሩን ጥሩ ማድረግ፣ መደጋገፍ፣ ሲጣሉም መታረቅ። ስለዚህ ቃል ብዙ ፍልስፍና ይወራል። እኔ ግን ማጥቀሻውን ቀምሶ የተማረው ይበልጥ ይገባዋል ባይ ነኝ።

"ዶ" ለምን "ዴ" ሆነ? ቻሞሮ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። እንደ "ኢ" ያለ ድምፅ ከፊት ሲመጣ፣ የሚከተለው አናባቢ ወደሱ ይሳባል። "ጉማእ" ቤት ነው። "ቤቱ" ለማለት "ኢ" ሲቀድመው "ኢ ጊማእ" ይሆናል። ጉልበት "ቶሞ" ነው፤ ጉልበቱ "ኢ ቴሞ"። ጀማሪ ዘፈን ሲሰማ "ጊማእ" ሰምቶ መዝገበ ቃላት ይገልጣል። "ጊ" ሥር የለም። ያለው "ጉ" ሥር ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ከሌለ መዝገበ ቃላቱን ይወረውረዋል።

ሌላው "እኛ" ነው። ሁለት ዓይነት "እኛ" አላቸው። "ሂታ" አንተንም ጨምሮ ነው። "ሃሚ" አንተን አይጨምርም። "እራት ልንበላ ነው" ቢሏችሁ የትኛውን "እኛ" እንዳሉ በደንብ አዳምጡ። ተጋብዛችሁ ይሁን ተሰናብታችሁ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ወደ ተረት ልሂድ። ጉዋም ላይ የሲሬናን ታሪክ የማያውቅ ልጅ የለም ቢባል ይቀላል። ዋና ከተማዋ ሃጋትኛ ውስጥ በስፓኒሽ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ እዚያው አጠገብ ሐውልቷ ቆሟል። ሲሬና ውኃ የምትወድ ልጅ ናት። እናቷ ለካውያ የሚሆን የኮኮናት ልጣጭ ለከሰል ልቀሚ ብላ ትልካታለች። ልጅቱ ወንዙን ስታይ መልእክቱን ትረሳዋለች። ትዋኛለች። እናት ተናዳ ትራገማለች፦ ውኃን እንዲህ ከወደድሽው ዓሣ ሁኚ! እርግማኑ ሊደርስ ሲል የክርስትና እናቷ ትለምናለች፤ የኔ ድርሻ የሆነው ይቅርላት ትላለች። ከወገብ በታች ዓሣ ሆና ከወገብ በላይ ሰው ቀረች። ከዚያ ወደ ባሕር ሄደች።

በአንድ ተረት ውስጥ ሁለቱ ታሪኮቻቸው ተደራርበዋል። ወንዙና ባሕሩ የጥንት ነው። የክርስትና እናቷ "ማትሊና" ትባላለች፣ ይሄ ከስፓኒሽ ነው። የሲሬና ስም ራሱ ከዚያው ነው። ቻሞሮ ከስፓኒሽ በጣም ብዙ ቃል ወስዷል፤ ሰዋስዉን ግን አላስነካም። የውጭውን ቃል ሁሉ በራሱ "ኡም" ሰንጥቆ ያስገብረዋል። ካንታን ያደረገውን አይታችኋል።

አሁን ከተረቱ አንድ ዓረፍተ ነገር እናውጣ። "ኙማኛንጉ ሲ ሲሬና ጊ ሳዶክ።" ሲሬና ወንዝ ውስጥ እየዋኘች ነው። ግሱ ከፊት። "ኡም" መሐል ላይ፣ ድግግሞሹ ተከትሎ። "ሲ" የሰው ስም ላይ ትለጠፋለች፤ ለልጁና ለቤቱ "ኢ" እንዳለችው ለአበበና ለአልማዝ ደግሞ "ሲ"። "ኘ" ለኛ ችግር አይደለም። ይልቅ የሚያስቸግረን ቃል ዳር ላይ ያለችው የጉሮሮ ቁርጥ ናት፣ "እ" ብዬ የጻፍኳት። እነሱ ግሎታ ይሏታል። አማርኛ ላላ አድርጎ ይተዋታል፤ ትግርኛ አፉን የፈታ ግን ወዲያው ይይዛታል። ቀልድ አይደለችም። "ማላጉ" ሮጠ ነው። "ማላጎእ" ፈለገ ነው። ሲሬና ወደ ወንዙ ሮጠች ወይስ ወንዙን ፈለገች? ሁለቱም እውነት ነው፣ ግን ተረት ነጋሪዋ የትኛውን እንዳለች ማወቅ አለባችሁ።

ሌላም ተረት አላቸው፣ ደሴቲቱን መሐሏን የሚበላ ግዙፍ ዓሣ የነበረበት። ወንዶቹ አሳደው አጡት። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ቆርጠው መረብ ሠሩ፤ በሱ ያዙት። የጉዋምን ካርታ ያየ ሰው ወገቧ ላይ ቀጥና ያገኛታል፤ ያ ነው የሚሉት። ልጆች ይህን ሲያነቡ ካርታ አጠገባቸው ይቀመጥ።

አንድ ሰው "ከዚህ ሁሉ ቋንቋ ለምን ቻሞሮ?" ሊለኝ ይችላል። ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1668 የስፓኒሽ ሚስዮናውያን ጉዋም ገቡ። የመሪያቸው የሳን ቪቶሬስ የመጀመሪያ ሥራዎች ከሆኑት አንዱ የቋንቋውን ሰዋስው በላቲን መጻፍ ነበር። ጦርነትና በሽታ ተከተለ፤ ሕዝቡ በጥቂት አስርት ዓመታት ውስጥ እጅግ ተመናመነ። ቋንቋው ግን ተረፈ። የጥንቱ ቁጥር፣ ሃትሳ፣ ሁጉዋ፣ ቱሉ፣ ፋትፋት፣ ሊማ፣ በስፓኒሹ ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ ተተካ። "ሊማ" የምትለዋን ፊሊፒንስ ብትሄዱ ታገኟታላችሁ። ማዳጋስካር ላይ እንኳ "ዲሚ" ሆና ትሰማለች። አንድ ቤተሰብ ናቸው።

በ1898 አሜሪካ ጉዋምን ወሰደች። በባሕር ኃይል አስተዳደሩ ዘመን፣ በ1917፣ ከቻሞሮ ይልቅ በእንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ የሚል ትእዛዝ ወጣ። በ1922 ደግሞ የቻሞሮ መዝገበ ቃላት ተሰብስቦ ተቃጠለ። በትምህርት ቤት ግቢ ቻሞሮ የተናገረ ልጅ ይቀጣ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ወላጆች ልጆቻቸው እንዳይቸገሩ በእንግሊዝኛ አሳደጓቸው። በ1974 ቻሞሮ ከእንግሊዝኛ ጋር የጉዋም የሥራ ቋንቋ ሆነ፤ ግን ቤት ውስጥ ገመዱ ተበጥሶ ነበር። በ2010 ቆጠራ ጉዋም ላይ ተናጋሪው ወደ 26 ሺ ይጠጋ ነበር፣ አብዛኛውም በዕድሜ የገፋ። በ2005 የተጀመረው ሁራኦ አካዳሚ ልጆችን ቀኑን ሙሉ በቻሞሮ ያውላል። ስሙን ያገኘው በስፓኒሾቹ ላይ ከተነሳ አለቃ ነው። እዚያ ዘፈንም ተረትም አለ፤ ግን ልጁ "ውኃ ስጡኝ" ማለት ያለበትም በቻሞሮ ነው። ቅድም ያልኩትን ከኔ በፊት አውቀውታል።

ጨዋታው ላይ እንዴት እንደምትገቡ አንድ ምክር፦ ትልቅ ሰው ስታገኙ ቀድማችሁ ጎንበስ በሉ። እጃቸውን ይዛችሁ ወደ አፍንጫችሁ ታስጠጋላችሁ፤ ለወንድ "ኞት"፣ ለሴት "ኞራ" ትላላችሁ። ማንጊንጌእ ይሉታል። ይህን ያደረገ ተማሪ ሰዋስዉ ቢሰበርበትም አያቶች ይታገሱታል።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ልጻፋቸው።

አንዲት እህት "ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ ለሷም ሰዋስው ላስተምር?" አለችኝ። አይ፣ ለሷ መልሱን አስተምሪያት። ዘፈኑ "ሁ ጉዋይያ ሃው" ሲል አንቺ ቆም በይና "ካኦ?" በያት። እሷ "ሁንጋን" ትበል። ሰዋስዉን አንቺ ያዢው፤ አጠገቧ ካለ ሰው ስትሰማው ትወርሰዋለች።

አንድ ወንድም ደግሞ "ጉዋምና ሳይፓን አጻጻፋቸው ይለያያል፤ የቱን ልከተል?" ብሎ ጠየቀ። ልክ ነው፣ ይለያያል። የቋንቋውን ስም እንኳ ዛሬ እኩል አይጽፉትም። የምትወደው ዘፋኝ ከየት ነው? ከሳይፓን ከሆነ የሳይፓኑን ያዝ። የመዝሙር ግጥሙ በምን ፊደል እንደተጻፈ አይተህ በዚያው ቀጥል። ሁለቱን እያደባለቅህ አትጀምር፤ ግሎታዋ ትጠፋብሃለች፣ ሩጫና ፍላጎትም ይምታቱብሃል።